የላቲኑን «ፔኑስ» ጾታ፣ እርባታና ምንጭ እንዴት እንመርምር

በ«ኡስ» የሚያልቅ የላቲን ስም ሁሉ ተባዕት ነው የሚል እምነት ብዙ ጀማሪዎችን ያስታል። «ዶሚኑስ» (ጌታ)፣ «ሴርቩስ» (ባሪያ)፣ «አሚኩስ» (ወዳጅ) እያሉ ሦስት አራት ስም ካጠኑ በኋላ ደንቡ የተጨበጠ ይመስላል። ነገር ግን ዛሬ በየሐኪም ቤቱ የምንሰማው «ቫይረስ» የመጣበት «ቪሩስ» (መርዝ፣ ዝልግልግ ፈሳሽ) በ«ኡስ» እያለቀ ተባዕትም አንስትም አይደለም፤ ሰዋስው ገለልተኛ በሚለው ሦስተኛ ጾታ ይመደባል። «ቩልጉስ» (ተራው ሕዝብ) እና ከግሪክ የተወሰደው «ፔላጉስ» (ባሕር) እንደዚሁ ናቸው። የእነዚህ ጾታ ግን ቢያንስ በአመዛኙ የጸና ነው። ከእነርሱ የባሰው፣ ጾታው ሦስት፣ እርባታው ሦስት፣ ምንጩም ሁለት መንገድ ላይ የቆመው «ፔኑስ» የሚባለው ስም ነው።

«ፔኑስ» ማለት ለቤተሰብ ቀለብ ተብሎ የተከማቸ እህል፣ ወይን፣ ዘይትና የመሳሰለው ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ቀለቡ የሚቀመጥበትን የውስጥ ክፍል ያመለክታል። መዝገበ ቃላት ሲከፍቱ በአንድ ቃል ፈንታ ሁለት ሦስት አርእስት ያገኛሉ፦ «ፔኑስ» እንደ አራተኛው የእርባታ ምድብ፣ «ፔኑስ፣ ፔኖሪስ» እንደ ሦስተኛው፣ «ፔኑም፣ ፔኒ» እንደ ሁለተኛው። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ስም ሲገጥም ከመዝገበ ቃላቱ ጀርባ ያለውን ማስረጃ ራስን ችሎ እንዴት መመዘን እንደሚቻል፣ ይህንኑ አንድ ስም ከጥግ እስከ ጥግ በመከተል ያሳያል። የሚጠቅመውም በዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ላቲን ለሚማር ብቻ አይደለም። የግእዝን ቃላት በ1865 በታተመው የዲልማን መዝገበ ቃላት የሚፈልግ ሁሉ ትርጉሙን የሚያገኘው በላቲን ነውና፣ የላቲን ስም ጾታና እርባታ ሳይፈልገው ደጁ ይመጣል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የቃሉን መልኮች በወረቀት ላይ በየምድቡ ጻፉ። በአራተኛው ምድብ ባለቤት ሲሆን «ፔኑስ»፣ ተሳቢ ሲሆን «ፔኑም»፣ አብላቲቭ በሚባለውና «በ» ወይም «ከ» በሚያሰኘው ሙያ «ፔኑ» ይሆናል፤ አገናዛቢው «ኡ» የረዘመበት «ፔኑስ» ነው። በሦስተኛው ምድብ ባለቤቱም ተሳቢውም «ፔኑስ»፣ አገናዛቢው «ፔኖሪስ»፣ ብዙው «ፔኖራ» ነው። በሁለተኛው ምድብ ባለቤቱም ተሳቢውም «ፔኑም»፣ አገናዛቢው «ፔኒ»፣ አብላቲቩ «ፔኖ» ነው። ሠንጠረዡን ጽፎ ለጥቂት ጊዜ ማየት ብቻውን ግማሹን ሥራ ይሠራል፤ ምክንያቱም የትኛው መልክ ምስክር መሆን እንደሚችልና የትኛው እንደማይችል ወዲያው ይታያል። ጽሑፍ ውስጥ «ፔኑም» የሚል ብቻ ብናገኝ ሁለተኛው ምድብ ይሁን አራተኛው አናውቅም። «ፔኑስ» ብቻ ብናገኝም አራተኛውን ከሦስተኛው መለየት አንችልም። «ፔኖሪስ» ወይም «ፔኖራ» ካገኘን ግን ሦስተኛው ምድብ መሆኑ አያጠራጥርም፤ «ፔኑ» ካገኘንም አራተኛው ነው።

ጾታን ስሙ ራሱ አይነግርም፤ የሚነግሩት አብረውት የሚሄዱት ቅጽሎችና ተውላጠ ስሞች ናቸው። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብቻ ያየ ሰው ጾታውን አያውቅም፣ «ወጣ» ወይስ «ወጣች» የሚለውን ሲሰማ ነው የሚለየው፣ እንደ ተናጋሪው ደግሞ ሁለቱንም ይሰማል። ስለዚህ ሁለተኛው ሥራ ቃሉ የሚገኝባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ሰብስቦ ከእያንዳንዱ ምስክር አንድ ጥያቄ ብቻ መጠየቅ ነው፦ ይህ ዐረፍተ ነገር የትኛውን ጾታ ያስወግዳል? «የትኛውን ያረጋግጣል» ብሎ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ያነባል።

ከጥንቶቹ እንጀምር። ፕላውቱስ በ191 ዓመተ ዓለም ከክርስቶስ ልደት በፊት በመድረክ በታየው «ፕሴውዶሉስ» በተባለው ቴአትሩ ውስጥ ባሊዮ የተባለውን ጨካኝ ሰው ልደቱን ለማክበር የዓመት ቀለብ ሲጠይቅ ያሳየናል፤ የሚለውም «ፔኑስ አኑኡስ» ነው። «አኑኡስ» (ዓመታዊ) የሚለው ቅጽል አንስት ቢሆን «አኑኣ»፣ ገለልተኛ ቢሆን «አኑኡም» መሆን ነበረበት። ሁለቱም ተወግደዋልና እዚህ ቦታ ቃሉ ተባዕት ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ161፣ ቴሬንቲዩስ በ«ኤውኑኩስ» ቴአትሩ አንድ ወጣት የአባቱን ቀለብ በስውር ወደ አገልጋዩ ክፍል ያጋዝ እንደነበር ሲያወራ «ፔኑም ኦምኔም» (ቀለቡን ሁሉ) ይላል። «ኦምኔም» ለተባዕትም ለአንስትም አንድ ነው፤ ገለልተኛ ቢሆን «ኦምኔ» ይል ነበር። ስለዚህ ቴሬንቲዩስ ገለልተኛውን ያስወግዳል እንጂ ከቀሩት ሁለቱ መካከል አይመርጥልንም። አንዳንድ ማስታወሻ ይህን መስመር ለተባዕትነት ማስረጃ አድርጎ ሲጠቅስ ካያችሁ፣ ጸሐፊው ከፕላውቱስ ተውሶ ለቴሬንቲዩስ ማበደሩ ነው።

ቅርበት ማስማማት አለመሆኑንም እዚሁ ማየት ይገባል። በሁለተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የጻፈው ባለ ቅኔ ሉኪሊዩስ አንድ ሰው ለሚስቱ ስላወረሰው ንብረት ሲናገር «ሙንዱም ኦምኔ ፔኑምኩዌ» ይላል፤ «ጌጣ ጌጧን ሁሉ ቀለቡንም» ማለት ነው። «ኦምኔ» ገለልተኛ ነው፤ ከ«ፔኑም»ም ጎን ቆሟል። ሆኖም የሚስማማው ከፊቱ ካለው ከ«ሙንዱም» ጋር ነው፤ «ፔኑም» በ«ኩዌ» (እና) ተጨምሮ የመጣ ነውና በዚህ መስመር ጾታው አይታወቅም። የጥንት ሰዋስው ሊቃውንትም ይህን መስመር የሚጠቅሱት ሌላ ጊዜ ተባዕት የሆነው «ሙንዱስ» እዚህ ገለልተኛ በመሆኑ ተገርመው ነው።

አሁን ወደ ባለ ቅኔው ቪርጊሊዩስ እንምጣ፤ የነገሩ ልብ እዚህ ነው። በ«ኤኔይስ» መጀመሪያው መጽሐፍ ዲዶ በካርታጎ ቤተ መንግሥቷ ለኤኔያስ ግብዣ ስታደርግ፣ በውስጥ ስለሚሠሩት 50 ሴት አገልጋዮች ሲናገር «ክዊቡስ ኦርዲኔ ሎንጋም / ኩራ ፔኑም ስትሩዌሬ» ይላል። የላይኛው መስመር የመጨረሻ ቃል «ሎንጋም» (ረጅሟን) ከሆነ፣ የሚስማማው በቀጣዩ መስመር ካለው «ፔኑም» ጋር ነው፤ ቃሉም ያለ ጥርጥር አንስት ይሆናል፣ ትርጉሙም «ለረጅም ጊዜ የሚበቃውን ቀለብ በየተራው ማሰናዳት» ነው። በሌሎች ቅጂዎች ግን ያው ቃል «ሎንጎ» ተብሎ ይነበባል። ያን ጊዜ የሚስማማው ከፊቱ ካለው «ኦርዲኔ» (ተርታ) ጋር ሆኖ «በረጅም ተርታ ቀለቡን ማሰናዳት» የሚል ይሆናል፤ «ፔኑም»ም ያለ ቅጽል ይቀራል፤ ጾታውም ይጠፋል። የአንስትነት ትልቁ ማስረጃ እንግዲህ በቃሉ መጨረሻ ባለ አንድ ድምፅ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

የቅኔው ስፍር ይፈርድ ይሆን? በላቲን ስድስት እግር ባለው መስመር የመጨረሻው ቀለም ቢረዝምም ቢያጥርም ይፈቀዳል፤ ደግሞም «ሎንጋም»ና «ሎንጎ» መስመሩን በእኩል ይሞሉታል። ስፍሩ ዝም ይላል። ሁለቱ ንባቦች የኋላ ገልባጮች ስሕተት ብቻ እንዳልሆኑም እርግጠኛ መሆን ይቻላል፤ ምክንያቱም በሁለተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ የኖረው አውሉስ ጌሊዩስ በ«የአቲካ ሌሊቶች» ውስጥ ሁለቱም መነበብ የተለመደ እንደሆነ አስቀድሞ ጽፎታል። እኔ «ሎንጋም»ን እመርጣለሁ፤ ቀለብን «ረጅም» ማለት ያልተለመደ አነጋገር ስለሆነ፣ ያልተለመደውን ወደ ለመዱት «ረጅም ተርታ» የሚለውጥ ገልባጭ ከዚያ ተቃራኒውን ከሚያደርገው ይልቅ በቀላሉ ይታሰበኛል። ይህ ግን ምርጫ ነው፤ በማስታወሻ ደብተር ላይ «አንስት (ቪርጊሊዩስ፣ ንባቡ አከራካሪ)» ተብሎ ይጻፍ እንጂ «አንስት» ተብሎ ብቻ አይጻፍ።

ስፍር የማይረዳበት ሌላ ቦታም አለ። ሆራቲዩስ በአንድ መልእክቱ «ፖርቴት ፍሩሜንታ ፔኑስኩዌ» (እህልና ቀለብ ያጓጉዝ) ይላል። እዚህ «ፔኑስ» ተሳቢ ነው፤ ነገር ግን «ኡ» ያጠረበት የሦስተኛው ምድብ ነጠላ ገለልተኛ ሊሆን ይችላል፣ ወይም «ኡ» የረዘመበት የአራተኛው ምድብ ብዙ። የድምፁን ርዝመት ብናውቅ እናርፍ ነበር። ከ«ኩዌ» ጋር ሲጣበቅ ግን ቀለሙ በተናባቢ ስለሚዘጋ በሁለቱም ረገድ እንደ ረጅም ይቆጠራል፤ መስመሩም ያው ይሆናል። እንዲህ ያለውን ጥቅስ «ምስክር ያልሆነ» በሚል ክፍል ማስቀመጥ ተገቢ ነው። መጣል ግን አያስፈልግም፤ ቃሉ በአውግስጦስ ዘመን በሕይወት እንደነበረ ያሳያልና።

ለገለልተኛው ጾታ ጥሩ ምስክሮች የሚገኙት በኋለኞቹ ዘመናት ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ እንደተጻፈ የሚገመተው የነገሥታት ታሪክ፣ ከ218 እስከ 222 የነገሠው ኤላጋባሉስ ወደ ቬስታ (የሮማውያን የምድጃ አምላክ) መቅደስ ውስጠኛ ክፍል ጥሶ ገባ ሲል «ኢን ፔኑም ቬስታኤ» ካለ በኋላ «ደናግሉና ሊቃነ ካህናቱ ብቻ የሚገቡበት» የሚለውን «ክዎድ» በሚል ተውላጠ ስም ይጀምራል። «ክዎድ» ገለልተኛ ነው። ስሙም «ፔኑም» ነውና ገለልተኛና ሁለተኛ ምድብ መሆኑ በአንድ ጊዜ ይታያል። (መጽሐፉ ለታሪክ እምነት የሚጣልበት አይደለም፤ ለሰዋስው ግን ሐሰተኛ ወሬም ቢሆን በዘመኑ ላቲን የተጻፈ ነው።) የሦስተኛውን ምድብ ደግሞ ጌሊዩስ ራሱ የሕግ ሊቁን ማሱሪዩስ ሳቢኑስን ሲጠቅስ በአገናዛቢነት «ፔኖሪስ» ብሎ ይጽፋል፤ ፌስቱስ በተባለው ሊቅ የቃላት መጽሐፍ አሕጽሮትም «ፔኖራ» ለዕለት ምግብ የሚያስፈልጉ ነገሮች ናቸው ተብሎ ይፈታል። ለአራተኛው ምድብ የንግግር ሊቁ ኪኬሮ «አ ፔኑ» (ከፔኑስ) ሲል ይመሰክራል። በ533 ዩስቲንያኖስ ባወጣው የሕግ ድንጋጌ በ33ኛው መጽሐፍ ያለው ዘጠነኛ ርእስም «ዴ ፔኑ ሌጋታ» (በኑዛዜ ስለተሰጠ ቀለብ) ይባላል። ይህ ርእስ ለተማሪ ስጦታ ነው፦ «ፔኑ» አራተኛውን ምድብ፣ «ሌጋታ» አንስትነቱን በሦስት ቃል ውስጥ ያሳያሉ። ላቲን ጽፉ ተብላችሁ ቃሉን መጠቀም ካስፈለጋችሁ ይህን መልክ ተከተሉ።

እስከዚህ ድረስ ትርጉሙን እንደታወቀ አድርገን አልፈናል። ጌሊዩስ ግን ይህ ልማድ ሰውን እንዴት እንደሚያሳፍር የሚያሳይ ታሪክ አለው፤ ረዘም አድርጌ የማወራው ከዚህ ቃል ጋር የተያያዘ የተሻለ ትምህርት ስለማላውቅ ነው። ከየማዕረጉ የተሰበሰበ ሰው ቄሣርን ለመሳለም በፓላቲን ቤተ መንግሥት ደጅ ይጠብቃል። ከመካከላቸው አንድ የሰዋስው መምህር ግንባሩን ቋጥሮ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ስለ ስሞች ጾታና ሙያ ያስተምራል። «ፔኑስ»ን ያነሣና የጥንት ሰዎች በየትኛው ጾታ እንደተናገሩት፣ «ፔኒ»ም «ፔኖሪስ»ም እንዳሉ ይዘረዝራል። ፈላስፋው ፋቮሪኑስ በለሰለሰ ቃል ያቋርጠውና እንዲህ ይጠይቀዋል፦ ጾታውን ነገርኸን፤ ነገሩ ራሱ፣ ፔኑስ የሚባለው፣ ምንድን ነው? መምህሩ «ይህማ ቀላል ነው፤ ወይን፣ ስንዴ፣ ዘይት፣ ምስር፣ ባቄላና የመሳሰለው ነው» ይላል። ፋቮሪኑስም «ዳጉሳው፣ ገብሱስ? እነርሱም ፔኑስ ናቸው?» ብሎ ሲጨምርበት ሰውየው ይደናገራል። ፋቮሪኑስ ይቀጥላል፦ ሰው ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅህ እኔና አንተ ሰው ነን ብለህ አትመልስልኝም፤ እኔ የጠየቅሁህ የነገሩን ምንነት እንጂ ዝርዝሩን አይደለም። መምህሩ በመጨረሻ ፍልስፍና አልተማርሁም፣ መማርም አልፈለግሁም፤ ገብስ ከፔኑስ ይግባ አይግባ አለማወቄ ሰዋስው አያስረሳኝም ይላል። ፋቮሪኑስ እየሳቀ ይህን ማወቅ ከእናንተ ሰዋስው ይበልጥ የእኛ ፍልስፍና ሥራ አይደለም ብሎ ያንኑ የቪርጊሊዩስ መስመር ያስታውሰዋል፤ የ«ሎንጋም»ና የ«ሎንጎ» ነገር የተነሣውም እዚህ ላይ ነው። (የጥንቱን የእህል ስም በ«ዳጉሳ» የተረጎምሁት በሀገራችን ደቃቅ እህልነቱ ስለሚቀርበው ነው።)

ምንነቱን በቃላት የከበቡት የሕግ ሰዎች ናቸው፤ ኑዛዜ አለና ግድ ነበራቸው። አንድ ሰው «ፔኑሴን ለሚስቴ» ብሎ ቢሞት ወራሹ ከቤቱ ምን ምን ማውጣት አለበት? በ82 ከክርስቶስ ልደት በፊት የተገደለው ኩዊንቱስ ሙኪዩስ ስካኤቮላ የሚበላና የሚጠጣ፣ ለአባወራውና ለቤተሰቡ የተዘጋጀ ነው ሲል፣ ለዕለቱ ምሳና እራት የሚገዛው ግን ፔኑስ እንዳልሆነ፤ ለረጅም ጊዜ ተሰብስቦ የተከተተው ብቻ እንደሆነ ይለያል። እዚህ ላይ አማርኛ ከብዙ ቋንቋ የተሻለ መሣሪያ አለው፤ የስካኤቮላ ልዩነት በቀለብና በአስቤዛ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በጆንያ ገዝተን ወደ ጓዳ የምናስገባው ጤፍ ፔኑስ ነው፤ ማታ በፌስታል የምናመጣው ቲማቲም አይደለም። («አስቤዛ» የመጣበት የጣልያንኛው «ስፔዛ» ራሱ ከላቲን «ኤክስፔንሳ»፣ ማለትም ከወጪ፣ የተወለደ ነውና ልዩነቱ በሁለቱም በኩል የላቲን ዘር አለው።) ከዚያ ወዲያ ያለው ክርክር እንጨትና ከሰል ይግባ አይግባ የሚል ነበር፤ ስካኤቮላ አይገባም ሲል ሩቲሊዩስ ለሽያጭ ካልተዘጋጀ ይገባል ብሏል፤ ዕጣንና ሻማ የጨመሩም ነበሩ። ሳቢኑስ ደግሞ በአንድ ቦታ የሚሸጠውና የሚበላው ሲቀላቀል ለአንድ ዓመት የሚበቃው ብቻ ፔኑስ ነው ብሎ ወሰነ፤ የፕላውቱስ «ዓመታዊ ቀለብ» እንግዲህ የቴአትር ማጋነን ሳይሆን የተለመደ ልክ ነበር ማለት ነው። ከቃሉ የወጣው ቅጽል «ፔናሪዩስ»ም ይህንኑ የክምችት መንፈስ ይዟል፤ ኪኬሮ የሲሲልያ ገዥ በነበረው በቬሬስ ላይ ባቀረበው ክስ፣ ካቶ ሲሲልያን የመንግሥታችን የቀለብ ጎተራ ይላት እንደነበር ይናገራል።

ሁለተኛው ትርጉም ቦታን ይመለከታል። ፌስቱስ «ፔኑስ» በቬስታ መቅደስ ውስጥ ያለ፣ በሰሌን የታጠረ የውስጠኛው ክፍል ስም እንደሆነና በቬስታ በዓል አካባቢ በተወሰኑ ቀናት እንደሚከፈት ይነግረናል፤ በሮም ቀን መቁጠሪያ እነዚያ ቀናት ከሰኔ 7 እስከ 15 ድረስ ነበሩ። ኤላጋባሉስ ጥሶ የገባው ወደዚህ ነው።

አሁን የምንጩን ጥያቄ ማንሣት እንችላለን፤ ከመልክና ከትርጉም በፊት ያነሣነው ቢሆን ኖሮ በግምት እንሞላው ነበር። አሠራሩ ሦስት ነገሮችን ለየብቻ መያዝ ነው፦ ድምፅ፣ አመሠራረት፣ ትርጉም። ከድምፅ ስንጀምር፣ መጀመሪያ የማይዛመዱትን እናስወግድ። «ፖኤኑስ» (የካርታጎ ሰው) በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ለ«ፔኑስ» ይቀርባል፤ ይባስ ብሎ የቪርጊሊዩስ ግብዣ ያለው በካርታጎ ነው። ሆኖም ያኛው በመጀመሪያው ቀለም ሁለት አናባቢ የተጣመረበት፣ ከፊንቄያውያን ስም የመጣ ቃል ነው፤ የኛው «ኤ» አጭር ነው። ዘመዶቹ የሚመስሉት «ፔኔስ» (በእገሌ እጅ፣ በእገሌ ዘንድ)፣ «ፔኒቱስ» (ከውስጥ፣ እስከ ጥልቁ)፣ «ፔኔትራሬ» (ወደ ውስጥ ዘልቆ መግባት) እና የቤት ጠባቂ አማልክት ስም የሆነው «ፔናቴስ» ናቸው። አመሠራረታቸው ከታወቁ ምሳሌዎች ጋር ይገጥማል፤ «ፔኒቱስ» እንደ «ራዲኪቱስ» (ከነሥሩ)፣ «ፔናቴስ» እንደ «ኦፕቲማቴስ» (መሳፍንት) ነው። «ፔኑስ፣ ፔኖሪስ» ደግሞ እንደ «ቴምፑስ፣ ቴምፖሪስ» (ጊዜ) ሲሆን፣ ይህ መልክ በላቲን እጅግ ጥንታዊ የሆነ የገለልተኛ ስሞች ዓይነት ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት በዕድሜ ቀዳሚው ይህ መልክ ሳይሆን እንዳልቀረ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ባለቤቱ በ«ኡስ» ማለቁን ተከትለው እንደተፈጠሩ ይገምታሉ። ልብ በሉ፦ በጽሑፍ ቀድሞ የተገኘው የፕላውቱስ ተባዕት ነው፤ ቀድሞ የተጻፈና ቀድሞ የተወለደ አንድ አይደሉም።

ችግሩ ትርጉም ላይ ነው። ዘመዶቹ ሁሉ «ውስጥ» ይላሉ፤ ቃሉ ራሱ «ምግብ» ይላል። አንደኛው መንገድ ከምግብ ይነሣል። በሊቱዌንኛ «ፔኔቲ» መመገብ፣ ማድለብ ማለት ነውና «ፔን» የሚለው ሥር ጥንት ምግብን ያመለክት ነበር ይላሉ፤ ከምግብ ምግቡ ወደሚቀመጥበት ክፍል፣ ከክፍሉም ወደ «ውስጥ» ትርጉሙ ተሻገረ፤ «ፔኔስ»ም መጀመሪያ «በእገሌ ጓዳ» ማለት ነበር። ሁለተኛው መንገድ ከውስጥ ይነሣል፦ መጀመሪያ የቤቱ ውስጠኛ ክፍል፣ ከዚያ በዚያ የተከተተው ቀለብ። የመጀመሪያው መንገድ ከላቲን ውጭ ምስክር አለው፤ ነገር ግን ረጅም የትርጉም ጉዞ ይጠይቃል። ሁለተኛው በላቲን ውስጥ ብዙ ዘመድ አለው። እኔ ወደ ሊቱዌንኛው አዘነብላለሁ፤ የቤተሰቡን ውስጣዊ ምስክርነት ግን አንድ ቋንቋ ብቻውን ይጥለዋል ብዬ አላምንም።

የጥንት ሰዎችን ብንጠይቅስ? ስካኤቮላ ፔኑስ የተባለው በእጅ አጠገብ ሳይሆን በውስጥ፣ «ኢንቱስ ኤት ፔኒቱስ»፣ ስለሚቀመጥ ነው ይላል። ኪኬሮ ስለ ፔናቴስ ሲጽፍ ስማቸው ወይ ከፔኑስ፣ ሰዎች ከሚመገቡት ሁሉ፣ ወይም «ፔኒቱስ» ከመቀመጣቸው የመጣ ነው ብሎ ሁለቱንም ትቶልናል። ቪርጊሊዩስም በእነዚያው ሁለት መስመሮች «ኢንቱስ» (በውስጥ)፣ «ፔኑም» እና «ፔናቴስ»ን በአንድ ላይ አስቀምጧል። ይህ ሁሉ የሚያሳየው ሮማውያን ቃላቱን እንደ ዘመድ ይሰሟቸው እንደነበር ነው፤ ጥንት ዘመድ እንደነበሩ ግን አያረጋግጥም። በአማርኛም «ጓዳ» የቤቱ ውስጠኛ ክፍል ሆኖ ሳለ «ጓዳዬ ባዶ ነው» ያለች ሴት ስለ ክፍሉ ሳይሆን ስለ ቀለቡ መናገሯ ነው፤ ይህ ከውስጥ ወደ ምግብ የሚወስደው መንገድ ሊኬድ የሚችል መሆኑን ያሳያል፣ ላቲን እንደሄደበት ግን አይመሰክርም።

መዝገበ ቃላት ስታነቡ ምልክቶቹን አትዝለሉ። ከቃል በፊት ያለ ኮከብ «ተጽፎ አልተገኘም፣ በግምት የተመለሰ ነው» ማለት ነው። «አወዳድር» የሚል ምልክት ዝምድናን አያውጅም። የጥያቄ ምልክት ደግሞ ሊቁ በሐቀኝነት የተወው ቦታ ነው፤ ወደ ደብተራችሁ ስትገለብጡ አብራችሁ ገልብጡት። ለ«ፔኑስ» የእኔ ካርድ እንዲህ ይላል፦ ፔኑስ፣ አራተኛ ምድብ፣ ተባዕት (ፕላውቱስ)፣ አንስት (የሕግ ርእስ፤ ቪርጊሊዩስ፣ ንባቡ አከራካሪ)፤ ፔኑስ፣ ፔኖሪስ፣ ገለልተኛ (ሳቢኑስ በጌሊዩስ)፤ ፔኑም፣ ፔኒ፣ ገለልተኛ (ኋለኛ)። የተከተተ ቀለብ፤ የውስጥ ክፍል። ምንጭ፦ ከሊቱዌንኛ «ፔኔቲ» ጋር? ወይስ ከ«ውስጥ»?

ለልምምድ «ስፔኩስ» (ዋሻ) የሚለውን ስም ውሰዱ፤ እርሱም በሦስቱም ጾታ ይገኛል። ቪርጊሊዩስ በ«ኤኔይስ» ሰባተኛ መጽሐፍ «ሂክ ስፔኩስ ሆሬንዱም» ይላል። «ሂክ» የሚለው «ይህ» ከሆነ ተባዕት ነው፤ «ሆሬንዱም» (አስፈሪ) ግን ገለልተኛ ነውና ሁለቱ ሊስማሙ አይችሉም። የ«ሂክ»ን አናባቢ ርዝመት በመዝገበ ቃላት ተመልከቱ፤ ሲረዝም «ይህ» ሳይሆን «እዚህ» የሚል ተውሳከ ግስ ይሆናል፣ ጾታም የለውም፤ የጾታው ምስክር «ሆሬንዱም» ብቻ ሆኖ ይቀራል።